ገዢን ስለ ማዋከብ፤ ለኮምፒዩተር ዕቃ ነጋዴዎች የቀረበ አስተያየት

በከተማችን ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዳንዱ የገባ ገዢ፥ የሚፈልገውን ዕቃ ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ሌላ ዕቃ ተመዝዞ ፊቱ ይቀርብለታል። «ያ ጊዜው ያለፈበት ነው»፥ «ይህ ከእርሱ ይበልጣል»፥ «የቀረው አንድ ፍሬ ብቻ ነው»፥ «ነገ ዋጋው ይጨምራል» የሚሉት ቃላት በላይ በላዩ ይከታተሉበታል። ልውጣ ቢል እስከ በር ይከተሉታል፤ አስቤ ልመለስ ቢል ፊት ይነሡታል። በዚህ አኳኋን ያልፈለገውን ዕቃ ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ጥቂት አይደለም።

ይህን ልማድ የሻጮች ትጋት ነው ብለው የሚያመሰግኑ ባለ ሱቆች አሉ። እኛ ግን ትጋት ብለን ለመጥራት አንደፍርም። ገዢን ማዋከብ ከገዢው ይልቅ ነጋዴውን ራሱን የሚጎዳ ነገር ነው ብለን እናምናለን። ምንጩም የሻጩ ወጣት ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ለሻጩ የሚከፍልበት መንገድና አስመጪው ዕቃውን የሚያከፋፍልበት ልማድ ጭምር ነው። ይህንኑ በሚከተለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ መምከርንና ማዋከብን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የመጣን ሰው፥ ሻጩ «የኮምፒዩተርዎ ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ቢጠይቀውና ያለው ዕቃ ዐዲሱን ካርድ የማይሸከም መሆኑን አስረድቶ ሁለተኛ ዕቃ ቢያስገዛው፥ ይህ ምክር ነው። ገዢው ከአሰበው በላይ ገንዘብ ቢያወጣም ቤቱ ደርሶ ሥራው ሲቃናለት ሻጩን ያመሰግናል። መካሪ ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል። አዋካቢ ግን የገዢውን ጉዳይ ሳይሰማ ዕቃውን ያነሣል፤ ዐይኑም ያረፈው በመደርደሪያው ላይ በከረመው ዕቃ ወይም በሚያገኘው ኮሚሽን ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ወይዘሮ፥ የሱቃቸው ሒሳብ የሚያዝበት ኮምፒዩተር ስለ ዘገየባቸው፥ ሜሞሪ እንዲጨምሩ ተመክረው ወደ አንድ ሱቅ መጡ እንበል።

«እትዬ፥ ይህ ኮምፒዩተር ከእንግዲህ ለምንም አይሆንዎትም፤ ዐዲሱን ላሳይዎት» ይላቸዋል ሻጩ።

«ልጄ፥ እኔ የመጣሁት ለዚህች ዕቃ ብቻ ነው። ስሟንም ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጥተውኛል።»

«እርስዋማ ከገበያ ጠፍታለች፤ ብትገኝም አትረባም። ይህንን ይውሰዱ፤ ነገ በዚህ ዋጋ አያገኙትም።»

ወይዘሮዋ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ለጨዋታና ለፊልም ሥራ የተዘጋጀ ውድ ኮምፒዩተር ገዝተው የጨርቅ ሒሳብ ይጽፉበታል፤ ወይም ተቈጥተው ይወጣሉ። እውነቱ ግን ቀላል ነበር። ለሒሳብ መዝገብ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ሜሞሪው በማነሱ ወይም የሚሽከረከር ሳሕን ያለው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስላለው ነው። ከ4 ጊጋባይት ሜሞሪ ወደ 8 ከፍ ማድረግና ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ መተካት ለእንዲህ ያለው ሥራ ይበቃል። ይህን የነገራቸው ሻጭ በዕለቱ ያገኘው ትርፍ ጥቂት ቢሆንም፥ ወይዘሮዋ ዳግመኛ ሌላ ሱቅ አይፈልጉም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስላት ለነጋዴ ይጠቅማል። ሻጩ በማዋከብ በአንድ ዕቃ ላይ 3,000 ብር ተጨማሪ ትርፍ አስገኘ እንበል። እኒሁ ወይዘሮ በትምህርት ቤት የሚሠራ ወንድም አላቸው፤ ትምህርት ቤቱ ለ20 ኮምፒዩተሮች ሜሞሪ ሊገዛ ነው። ከእያንዳንዱ 800 ብር ቢተርፍ በጠቅላላው 16,000 ብር ይሆናል። ወንድምየው ወደዚያ ሱቅ ሊሄድ ሲነሣ እኅቱ «እዚያስ አትሂድ» ካሉት፥ ባለ ሱቁ 3,000 ብር ለመያዝ 16,000 ብር ለቀቀ ማለት ነው። የዚህ ኪሳራ ክፋቱ ደግሞ በመዝገብ የማይጻፍ መሆኑ ነው። ያልመጣን ገዢ የሚቈጥር የሒሳብ ሠራተኛ የለም።

ማዋከብ በማናቸውም ንግድ ነውር ቢሆንም፥ በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ ላይ ጉዳቱ የሚብስበት ምክንያት አለ። ጤፍ የሚገዛ ሰው በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛ በጣቱ ይዳስሳል፤ ቡና የሚገዛም ቀምሶ ይለያል። የኮምፒዩተር ዕቃ ግን በዐይን ታይቶ አይታወቅም። ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 የሚባሉት የዴስክቶፕ ሜሞሪዎች ሁለቱም 288 የመገናኛ ነጥብ አላቸው፤ ላላወቀ ሰው አንድ ይመስሉታል። ይሁን እንጂ በግርጌአቸው ያለው ቍራጭ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ኤም 2 የሚባለው ቀጭን ኤስ ኤስ ዲ ደግሞ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዐይነቶች አሉት። በሳታ መንገድ የሚሠራው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፥ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ማዘርቦርዱ የማይቀበለው ከሆነ ግን ፍጥነቱ ለገዢው ምንም አይጠቅመውም። በላዩ ላይ ትልቅ መጠን ተጽፎበት በውስጡ ጥቂት ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ፍላሽ በየአገሩ ገበያ የሚገኝ መሆኑም የታወቀ ነው።

በዚህ ምክንያት ገዢው ሳይወድ በግድ በሻጩ ቃል ላይ ይደገፋል። እምነቱም ትክክለኛውን ነገር እስከ መጠራጠር ሲጎዳ እናያለን። 1 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በሺህ ሲቈጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቈጥር ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ ግን ሐቀኛው ነጋዴ ይህን ቢነግረው አያምነውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ያስተማረው የፊተኛው ሱቅ ነውና።

ጊዜውም የገዢውን ጭንቀት አብዝቶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኮምፒዩተር ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ የዋጋው ነገር ለገዢ ከባድ ጉዳይ ነው። «ነገ ይጨምራል» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነት ሆኖ መገኘቱ አይካድም። እውነት በሆነበት ቀን በትሕትና መናገር ይገባል፤ ሁልጊዜ ለማስደንገጫ ከተጠሩበት ግን ሐቀኛው ቃል እንኳ ዋጋ ያጣል።

እንዲሁም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ለአዋካቢዎች ዐዲስ ምክንያት ሆኗል። «ኮምፒዩተርህ ከእንግዲህ ሞቷል» ማለት ቀላል ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፥ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፥ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና ከተፈቀዱት ዐይነቶች አንዱ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ቲ ፒ ኤሙ ተዘግቶ ይገኛል እንጂ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ ገብቶ መክፈት ብቻ ይበቃል። ሐቀኛው ሻጭ ይህን አስቀድሞ ይመረምራል። ኮምፒዩተሩ በእርግጥ የማይችል ሆኖ ከተገኘም ምክንያቱን አሳይቶ ዐዲስ ቢሸጥ ማንም አይነቅፈውም።

እንግዲህ ማዋከብ ከየት ይመጣል? ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ሻጭ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው፥ ቀሪውን ግን ከሸጠው ዕቃ በኮሚሽን የሚያገኝ ወጣት፥ ገዢው ባዶ እጁን ሲወጣ የሚታየው የገዛ እራቱ ሲሄድ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ሻጩን በሸጠው ገንዘብ ብቻ እየመዘነ፥ ተመልሶ የመጣውን ዕቃና ተቈጥቶ የሄደውን ገዢ አይጠይቀውም። ከባለቤቱም በላይ አስመጪው አለ። ፈላጊ የበዛበትን ዕቃ ለቸርቻሪ ሲሰጥ «ይህን ከፈለግህ ያንንም አብረህ ውሰድ» ብሎ የከረመውን ዕቃ የሚያሸክም አስመጪ፥ ማዋከብን ራሱ ጀምሮታል። ቸርቻሪው በአስመጪው ተዋክቦ የገዛውን ዕቃ በተራው ገዢውን አዋክቦ ይሸጠዋል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ ኦፊስ ዲፖ የተባለው ታላቅ የመደብሮች ድርጅት የደንበኞችን ኮምፒዩተር በነጻ እመረምራለሁ ይል ነበር። የአገሩ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ እንደ ተገለጸው፥ ሠራተኛው በመጀመሪያ ደንበኛውን አራት ጥያቄዎች ይጠይቀዋል፤ ኮምፒዩተሩ ዘግይቶ እንደ ሆነና ይህን የመሰለውን። ደንበኛው ለአንዱ እንኳ አዎን ካለ፥ የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን ፕሮግራሙ የአደገኛ ሶፍትዌር ምልክት አለ ብሎ ያሳያል፤ ከዚያም የጥገና አገልግሎት ይሸጥለታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን ዶላር፥ ፕሮግራሙን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም የተባለው ድርጅት ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቻይና ነው። በቤጂንግ ከተማ ዦንግጓንሱን በተባለው ሰፈር ብዙ ፎቅ ያላቸው የኮምፒዩተር ገበያዎች ነበሩ። በየወለሉ ሻጮች ገዢን በመጎተት፥ አንዱን ዕቃ አሳይተው ሌላውን በመስጠት፥ ዋጋን እንደ ሰዉ መልክ በመለዋወጥ ክፉ ስም አተረፉ። በዚያው ሰፈር ሊዩ ቺያንግዶንግ የተባለ ወጣት በ1998 እ.ኤ.አ. አነስተኛ መሸጫ ከፍቶ የኮምፒዩተር ዕቃ ይሸጥ ጀመር። ዋጋውን ጽፎ ይለጥፋል፤ ክርክር የለም፤ እውነተኛ ዕቃ በደረሰኝ ይሰጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. የሳርስ ወረርሽኝ ሱቅ ባዘጋ ጊዜ ንግዱን ወደ ኢንተርኔት አዞረ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት መደብሩን ከፈተ። ዛሬ ጄዲ ዶት ኮም በመባል ከቻይና ታላላቅ የንግድ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። እነዚያ ባለ ብዙ ፎቅ ገበያዎች ግን በ2010ሮቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. አንዱ ከሌላው በኋላ ተዘጉ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ተለወጡ። የውድቀታቸው ምክንያት ማዋከብ ብቻ ነው አንልም፤ የኢንተርኔት ንግድ ርካሽነትም ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን ገዢው ሌላ በር በተከፈተለት ጊዜ ወደ ኋላ ሳይመለከት የሄደው፥ የሚያሳዝነው ነገር ስላልነበረ ነው። በእኛም ከተማ ዕቃን በቴሌግራም አይቶ፥ ዋጋ ጠይቆና አወዳድሮ የሚገዛው ሰው ቀላል አይደለም። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በስሕተት፥ በተንኮል ወይም በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውልን ሊያስፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ገለጠው። ሸማች ስለ ዕቃው ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት፥ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው አስታወቀ። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ዕቃውን ስላየ ወይም በዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ መደንገጉ ነው። «ይህን ሁሉ አስወርደህ ሳትገዛ ልትሄድ ነውን?» የሚለው ቍጣ ከጨዋነት ብቻ ሳይሆን ከሕግም ጋር የማይስማማ መሆኑን ሻጮቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ባለ ሱቆች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ እርሱንም በቅን ልቡና መስማት ተገቢ ነው። የሱቅ ኪራይ ውድ ነው፤ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ በቈየ ቍጥር ዐዲስ ዐይነት እየወጣ ዋጋውን ይጥለዋል፤ አንዳንዱ ገዢም የሻጩን ዕውቀት በነጻ ወስዶ ዕቃውን ከሌላ ይገዛል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለከረመ ዕቃ መድኃኒቱ ዋጋውን በግልጽ ቀንሶ «ይህ ያለፈው ዓመት ዐይነት ነው፤ ስለዚህ ረክሷል» ብሎ መሸጥ ነው። ርካሽና በቂ ዕቃ የሚፈልግ ገዢ ሞልቷል። ምክሩን ወስዶ ለሚሄደውም ሰው፥ የምርመራና የገጠማ ሥራን ለብቻው ዋጋ አውጥቶ ማስከፈል ይቻላል። ዕውቀት ሊሸጥ የሚገባው ነገር ነው፤ ማስፈራራት ግን አይደለም።

ስለዚህ ለባለ ሱቆች የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፥ ሻጩ ዕቃ ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ለምን ሥራ ነው? ያለው ኮምፒዩተር ምን ዐይነት ነው? የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው? ሁለተኛ፥ ዋጋ በዕቃው ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ሜሞሪም ሆነ ዲስክ ገዢው ፊት ተገጥሞ ይፈተን፤ ፍላሽም መጠኑ በፕሮግራም ይመርመር። አራተኛ፥ በደረሰኙ ወይም ከእርሱ ጋር በሚሰጠው የዋስትና ወረቀት ላይ የዕቃው የመለያ ቍጥርና የዋስትናው ዘመን ይጻፍ። አምስተኛ፥ የሻጩ ደመወዝ የሚያኖረው ይሁን፤ ኮሚሽኑም ዕቃው በተሸጠበት ቀን ሳይሆን ሳይመለስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ይከፈለው። ይህ የመጨረሻው ብቻውን የሻጩን ጠባይ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይለውጠዋል፤ የማይስማማ ዕቃ ማሸከም ለእርሱም ኪሳራ ይሆንበታልና።

አስመጪዎችም ፈላጊ የሌለውን ዕቃ ከፈላጊ ካለው ጋር አስሮ መስጠትን ይተዉ። ያልተሸጠውን ዕቃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልሰው ቢቀበሉ ወይም ዋጋውን ቢቀንሱለት፥ ቸርቻሪው ዕዳውን በገዢው ላይ ለማውረድ አይቸኩልም።

ከአንባብያን ብዙዎቹ ሻጮች ብቻ ሳይሆኑ ለየሱቃቸውና ለየቢሯቸው ገዢዎችም ናቸው። ለእነርሱ የምንለው አጭር ነው። ከቤት ሳይወጡ የኮምፒዩተሩን ሞዴልና የሚፈልጉትን ዕቃ ዐይነት በወረቀት ይጻፉ፤ ቢቻል አሮጌውን ዕቃ ነቅለው ይዘው ይሂዱ። የመጨረሻውን ዋጋም አስቀድመው ይወስኑ። ሻጩ ሌላ ዕቃ ቢያነሣ «የእኔ ኮምፒዩተር ይህን የሚፈልገው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ስለ ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ስለ ነገው ዋጋ ከሆነ አመስግነው ይውጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ ሁለት ሱቅ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የንግድ ማኅበረሰባችንም ሻጮችን የሚያሠለጥንበትን መንገድ ቢያስብበት መልካም ነው። ሥልጠናው «እንዴት ይሸጣል» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ይጠየቃል» የሚለውን ሊጨምር ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ማንም ባለ ሱቅ ፈቃድ ሳይጠብቅ በገዛ ሱቁ ሊጀምረው የሚችለው ነገር አለ። በዚህ ወር የተመለሱለትን ዕቃዎች ይቍጠር፤ ማን እንደ ሸጣቸውና ለገዢው ምን ተብሎ እንደ ተሸጡ ይጠይቅ። የሚያገኘው መልስ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ያስተምረዋል።